ጫጩቱ እየጠገበ ለምን አያድግም?

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ዶሮ የምታረቡ ከሆነ ይህ ሳይገጥማችሁ አይቀርም፦ ጫጩቶቹ በቆሎና የኑግ ፋጉሎ ይበላሉ፣ ይጠግባሉ፣ ግን አያድጉም። ምን ጎደላቸው?

ፕሮቲን የሚሠራው ከተለያዩ አሚኖ አሲዶች ነው። አንዱ ካነሰ የሌሎቹ መብዛት አይጠቅምም፤ ድንጋይ ቢከመር ጭቃው ካለቀ ግንቡ እዚያው ይቀራል። በቆሎም ፋጉሎም የሚያንሳቸው ላይሲን የተባለው ነው።

የዓሣ ዱቄት ደግሞ በላይሲን የታወቀ ነው። ጥሩው ዱቄት ከ60 እስከ 70 በመቶ ፕሮቲን አለው። በሌላው ዓለም ጡት ለጣሉ የአሳማ ግልገሎች ጭምር የሚሰጠውም ለዚሁ ነው።

እኛ ጋ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ሎጎ ሐይቅ አለላችሁ። ቆሮሶው ሥጋው ሲወጣለት ጭንቅላቱና አጥንቱ ይተርፋል። ከዚህ ትራፊ የሚሠራ ዱቄት አጥንት ስለሚበዛበት ፕሮቲኑ ዝቅ ይላል፤ ካልሲየምና ፎስፈረሱ ግን ከፍ ያለ ነው።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። ትራፊውን በደንብ ቀቅሉት፣ ውሃውንና ዘይቱን ጨምቃችሁ አውጡ፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አድርቁት፣ ከዚያ ፍጩት። መቀቀሉን እንዳትዘሉት! ሳልሞኔላ የተባለው ባክቴሪያ ጫጩት ይጨርሳል። ዘይቱ ካልወጣም ዱቄቱ ቶሎ ይበላሻል።

መጠኑስ? ከ100 ኪሎ መኖ ውስጥ 5 ኪሎ ይበቃል፤ ያንኑ ያህል ፋጉሎ ቀንሱ። ለእንቁላል ጣዮች ሲበዛ ግን እንቁላሉ ዓሣ ዓሣ ይላል። ያንን ደግሞ ማን ይገዛችኋል?