በመዳፍ የምትያዝ የሒሳብ መኪና፦ ስለ ኩርታ ውበትና ስለሚሻሻለው



ዛሬ የምናገረው ኩርታ ስለተባለች፣ የእጅ ቡና መፍጫ ስለምትመስል አነስተኛ የሒሳብ መኪና ነው። ባትሪም ሆነ ኤሌክትሪክ አትሻም። ምርቷ ከተቋረጠ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላም ሰብሳቢዎች አጥብቀው ይፈልጓታል። ሁለት ጥያቄዎችን አነሣለሁ። ሰዎች የሚያደንቁት ምኗን ነው? ዛሬ እንደገና ብንሠራትስ ምኗን እናሻሽላለን? የመጀመሪያውን ሳይመልሱ ሁለተኛውን መመለስ አይቻልም ብዬ አምናለሁ።

ላይብኒዝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን የፈጠረው ከበሮ ርዝመታቸው ደረጃ በደረጃ የሚጨምር ዘጠኝ ጥርሶች አሉት። ማርሹ 3 ላይ ከቆመ ሦስት ጥርሶች፣ 7 ላይ ከቆመ ሰባት ጥርሶች ያዞሩታል። በዚህ መንገድ የተሠሩት የቀድሞ መኪኖች ለእያንዳንዱ የአኃዝ ቤት አንድ ከበሮ ስለሚያስፈልጋቸው ጠረጴዛ ይሞሉ ነበር። የቪየናው ተወላጅ ኩርት ሄርዝሽታርክ ግን አንድ ከበሮ መካከል አቁሞ ማርሾቹን በዙሪያው ደረደራቸው።

መቀነስስ? እጀታዋ ወደ ኋላ አትዞርም። ስለዚህ መቀነስን በመደመር ተካው። ከ52 ላይ 37ን ለመቀነስ የ0037ን እያንዳንዱን አኃዝ ከ9 እንቀንሳለን፤ 9962 ይሆናል። በእርሱ ላይ 1 ስንጨምር 9963፣ 52 ስንጨምር 10015 እናገኛለን። የፊተኛዋን 1 ስንጥል 15 ይቀራል። ተጠቃሚው ይህን ሁሉ አያስብም፤ እጀታዋን ጥቂት ወደ ላይ ስቦ ያዞራታል። 243ን በ29 ለማባዛትም አራት ዙር ይበቃል፦ በአሥር ቤት ሦስት የመደመር፣ በአንድ ቤት አንድ የመቀነስ ዙር። ውጤቱ 7047 ነው።

ይህ ንድፍ የተጠናቀቀበትን ስፍራ ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። አባቱ አይሁዳዊ የነበሩት ሄርዝሽታርክ እ.ኤ.አ. በ1943 ተይዞ ወደ ቡኸንቫልድ ማጎሪያ ካምፕ ተወሰደ። መኪናዋ ከተሳካች ለሂትለር ስጦታ እንደምትሆን ተነግሮት፣ ንድፉን ከአእምሮው እያወጣ በእርሳስ ሣለው። ያ ሥዕል ለእርሱ የመኖር ተስፋ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ኩርታ በሊክተንስታይን ተመረተች፤ በሁለት ዓይነት በድምሩ ወደ 140,000 ገደማ ተሠርታለች። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የኪስ ኤሌክትሮኒክ ማስያ ሲመጣ ዘመኗ አበቃ።

እንግዲህ ሰብሳቢዎች የሚወዱት የታሪኳን ክብደት ብቻ አይደለም። እጀታዋ ስትዞር አኃዙ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሻገር በጣት ይሰማል። ሒሳብ በእጅ የሚዳሰስ ነገር ይሆናል።

ጉድለት ግን አላት። ሁለቱን ልጥቀስ። የመጀመሪያው፣ ውጤቱና የዙር ቆጣሪው በአንድ ቀለበት ሲጠረጉ፣ የገባው ቁጥር ግን ተንሸራታቾቹን አንድ በአንድ ወደ ዜሮ በመመለስ ካልሆነ አይጠረግም። ዜሮ ከላይ ስለሆነ፣ ከሥር ወደ ላይ የሚገፋ አንድ ቀለበት ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሊመልሳቸው ይችላል። ይህን ማሻሻያ እደግፋለሁ።

ሁለተኛው፣ የተገኘው ውጤት ለቀጣዩ ስሌት በቀጥታ አይተላለፍም፤ አንብቦ እንደገና ማስገባት ግድ ነው። በዘመኗ አንዳንድ የጠረጴዛ መኪኖች ይህን ያደርጉ ነበር። እዚህ ላይ ግን እጠነቀቃለሁ። የውጤት መንኰራኵሮቹ ከላይ በሚሽከረከረው ክፍል፣ የቁጥር ማስገቢያው ከታች በአካሏ ላይ ነው። ሁለቱን ለማገናኘት ተጨማሪ ማርሽ፣ ለማርሹም ተጨማሪ ስፋት ያስፈልጋል። ያን ጊዜ ከመዳፍ ትወጣለች። ጉድለቷ የትንሽነቷ ዋጋ ነው።

ስለዚህ ለወጣት ነዳፊዎች የምለው ይህ ነው፦ ጉድለት ስታዩ አስቀድማችሁ ምን እንደተገዛበት ጠይቁ። የስንፍና ውጤት ከሆነ አርሙት፤ የምርጫ ዋጋ ከሆነ ደግሞ ምርጫውን መልሳችሁ መዝኑ። ሙከራችሁንም በአሮጌዋ አካል ላይ አታድርጉት። ዛሬ በሦስት አውታር ማተሚያ አግዝፈው የሠሯት አሉ፤ ቅጂው ይሞረድ፣ ዋናዋ ግን የዘመኗ ምስክር ሆና ትቆይ።