በኪው የሚገኘው የወይዘሪት ኖርዝ የዕፅዋት ሥዕል አዳራሽ

ከሎንዶን መካከል በስተ ምዕራብ፥ በቴምስ ወንዝ ዳር ኪው የሚባል ሰፊና ስመ ጥር የአታክልት ሥፍራ ይገኛል። ወደዚያ የሚሔድ እንግዳ አስቀድሞ የሚቸኩለው ታላላቆቹን የመስተዋት ቤቶች ለማየት ነው። ነገር ግን ከእነርሱ ራቅ ብሎ የቆመውን ባለ ቀይ ጡብ ቤት ሳያዩ መመለስ የሚያስቆጭ ነው።

ከደጁ ያለፈ ሰው ግድግዳ አያይም። ከ800 የሚበልጡ የዘይት ቀለም ሥዕሎች ክፈፍ ለክፈፍ ተጠጋግተው፥ በየአገራቸው ተለይተው ተሰቅለዋል። ከሥዕሎቹ በታች ያለው የግድግዳ ክፍል ደግሞ ከየክፍለ ዓለሙ በተሰበሰበ 246 ዓይነት እንጨት የተለበጠ ስለ ሆነ፥ ጣውላ የሚነግድ ሰው እዚህ ዘንድ ሳይቆም አያልፍም። እውነቱን ለመናገር ብዛቱ ዓይንን ያደክማል፤ ሥዕሎቹ ተራርቀው ቢሰቀሉ ኖሮ ውበታቸው ይበልጥ በታየ ነበር።

ሠዓሊዋ ወይዘሪት ማሪያን ኖርዝ በ1830 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሄስቲንግስ ከተማ ተወለዱ። የፓርላማ አባል የነበሩት አባታቸው በ1869 ካረፉ በኋላ፥ ከ1871 እስከ 1885 ድረስ ጃማይካን፥ ብራዚልን፥ ጃፓንን፥ ቦርኒዮን፥ ሕንድን፥ ደቡብ አፍሪካንና ቺሌን እየዞሩ ሥለዋል፤ ወደ አውስትራሊያ የሔዱትም በቻርልስ ዳርዊን ምክር ነው። አዳራሹን በገዛ ገንዘባቸው አሠርተው ከነሥዕሎቹ ለኪው ስለ ሰጡ፥ በ1882 ለሕዝብ ተከፈተ።

ወይዘሪት ኖርዝ ለጎብኚዎች ሻይና ቡና እንዲቀርብ አስበው ነበር ይባላል። የሥፍራው ዲሬክተር ሰር ጆሴፍ ሁከር ግን አልፈቀዱም። እርሳቸውም የሻይንና የቡናን ተክል በበሮቹ ላይ ሣሉ። እንግዲህ ከኢትዮጵያ ደጋ ጫካ የተገኘው ቡና በዚያ ቤት የሚጠጣው በዓይን ብቻ ነው ማለት ነው።

የዕፅዋት ሊቃውንት ባሕል አንዱን ቅርንጫፍ በነጭ ወረቀት ላይ ለብቻው መሣል ነው። ወይዘሪት ኖርዝ ግን አበባውን ከነበቀለበት ተራራ፥ ከነወንዙና ከነነፍሳቱ ይሥሉ ነበር። በዚያን ዘመን ፎቶግራፍ ቀለም ስላልነበረው፥ ይህ አሣሣል ለሩቅ ተመልካች እንደ ምስክር ወረቀት የሚቆጠር ሆነ። በ1876 በሳራዋክ ሳሉ፥ ቅጠሉ እንደ ማሰሮ ሆኖ ነፍሳትን የሚያጠምድ አንድ ታላቅ ተክል ከኖራ ድንጋይ ተራራ አምጥተውላቸው ሣሉት። ሥዕሉን በሎንዶን ያየው ቬች የተባለ የአታክልት ነጋዴ፥ ተክሉን ፈልጎ የሚያመጣ መልእክተኛ እስከ ቦርኒዮ ድረስ ላከ፤ ተክሉም ተገኘ። ሁከር በ1881 ኔፔንቴስ ኖርዚያና ብለው ሰየሙት። አንድ ነጋዴ አንዲትን ሥዕል አምኖ ይህን ያህል ወጪ ማድረጉ የሠዓሊዋን እጅ ትክክለኛነት ከማናቸውም ምስጋና ይልቅ ያስረዳል።

በሲሼልስ ደሴቶች፥ በዚሁ በእኛው ውቅያኖስ ማለት ነው፥ በ1883 ደርሰው የሣሉት ዛፍም ለሳይንስ አዲስ ሆኖ በመገኘቱ ኖርዚያ ተብሎ በስማቸው ተጠርቷል። በካሊፎርኒያ ታላላቆቹ ዛፎች ለጣውላ ሲቆረጡ አይተው እጅግ አዝነዋል። በ1890 ዐረፉ።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን በዚያው በ1876 በሳራዋክ፥ በማታንግ ጫካ የተሣለው ሥዕል ነገር ነው። በውስጡ ሰማያዊ ፍሬ ያለው ተክል ይታያል። ይህ ተክል ከመቶ ዓመት በላይ በጎብኚዎች ሁሉ ፊት ተሰቅሎ ሳለ በሳይንስ መዝገብ ስም አልነበረውም። ኋላ ግን በኪው የደረቁ ዕፅዋት ቤት ተቀምጦ ከነበረውና በ1973 ከተሰበሰበው ናሙና ጋር ሥዕሉ ተስተያይቶ አንድ መሆናቸው ስለ ታወቀ፥ በ2021 ካሳሊያ ኖርዚያና የሚል ስም ወጣለት።