ለግቢያችን የምትሆነው ጽጌረዳ የትኛዋ ናት?

ችግኝ ጣቢያ የገባ ሰው ስለ ጽጌረዳ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቀለሟን ነው። ቀይ አለ? ነጭስ? ቀለም ግን ከሁሉም በቀላሉ የሚገኝ ነገር ነው። ስም የወጣላቸው የጽጌረዳ ዝርያዎች ብዙ ሺህ ስለሆኑ፣ ከእውነተኛ ሰማያዊ በቀር የሚታጣ ቀለም የለም ማለት ይቻላል። ችግኙ ግቢ ገብቶ ዓመታት የሚቆይ ተክል ነውና መጠየቅ የሚገባው ሌላ ነው፦ እየደጋገመች ታብባለች? የክረምቱን ዝናብ ትችላለች? መዓዛ አላት?

ከመጀመሪያው ጥያቄ እንነሣ። የጥንቶቹ የአውሮፓ ጽጌረዳዎች አብዛኞቹ ብርዱ ካለፈ በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አብበው ያበቃሉ። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም እየደጋገሙ የሚያብቡ ዝርያዎች ከቻይና አውሮፓ ገቡና ከነባሮቹ ጋር ተዳቀሉ። እ.ኤ.አ. በ1867 በፈረንሳይ የወጣችው «ላ ፍራንስ» የዘመናዊ ጽጌረዳዎች መነሻ ተደርጋ ትቆጠራለች። በረዶ የሚያስተኛ ክረምት በሌለበት በእኛ ደጋና ወይና ደጋ፣ ከዚህ ወገን የሆነ ጽጌረዳ ውሃና እንክብካቤ ካገኘ ዓመቱን ሙሉ ያብባል። ስለዚህ ሲገዙ «እየደጋገመ የሚያብብ ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ከታወቁት መካከል ለቤት ግቢ የምመርጣቸው አራት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ የወጣችው «ኩዊን ኤልዛቤት» ሮዝ ቀለም ያላት፣ ከሰው ቁመት በላይ የምታድግ ብርቱ ተክል ናት፤ ቦታዋ ግድግዳ ወይም አጥር ሥር ነው። በ1958 በጀርመን የወጣችው ነጯ «አይስበርግ» በዘለላ በዘለላ እያበበች ግቢውን ትሞላዋለች፤ እሾኋም ጥቂት ነው። መዓዛ ለሚወድ ሰው በ1964 የወጣችው ጥቁር ቀይ «ሚስተር ሊንከን» አለች። በሚቀመጡበት በረንዳ አጠገብ ብትተከል ጠዋትና ማታ ትሸታለች።

አራተኛዋ ቢጫዋ «ፒስ» ናት፤ የአበባዋ ጫፍ ወደ ሮዝ ያደላል። ያዳቀላት ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ሜያን ሲሆን፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አገሩን ሳያጥለቀልቀው በፊት የተክሏ ቅንጣቢ ወደ ውጭ ተልኮ ተረፈ። ሰላም የሚለው ስም የወጣላት በ1945 ጦርነቱ በአውሮፓ ሊያበቃ በተቃረበበት ሰሞን ነው። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትን ለመመሥረት ሳን ፍራንሲስኮ ለተሰበሰቡ ልዑካንም ተበረከተች። ታሪኳ ያማረ፣ አበባዋም ትልቅ ነው፤ ዝናብ በሚበዛበት ቦታ ግን የቅጠል በሽታ ስለሚያጠቃት ክትትል ትፈልጋለች።

በሽታውን በዓይን መለየት ቀላል ነው። ከታችኞቹ ቅጠሎች ላይ ጠርዛቸው የተበጣጠሰ ጥቁር ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ ዙሪያቸው ቢጫ ይሆንና ቅጠሉ ይረግፋል። መንስኤው ፈንገስ ሲሆን፣ እርጥብ ሆኖ በሚውል ቅጠል ላይ ይበረታል። መከላከያው ተክሎቹን አንድ ሜትር ያህል አራርቆ መትከል፣ ቢያንስ ስድስት ሰዓት ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ መምረጥ፣ ቅጠሉን ሳይሆን ሥሩን ማጠጣትና የረገፈውን ቅጠል ለቅሞ ማስወገድ ነው። መሬቱ ውሃ የሚያቁር ጥቁር አፈር ከሆነ መደቡን ከፍ አድርጎ ፍግ መቀላቀል ይበጃል።

አብዛኛው የሚሸጥ ችግኝ በሌላ ጠንካራ ጽጌረዳ ሥር ላይ ተጣብቆ ያደገ ነው። ግንዱ ዝቅ ብሎ የሚታየው እብጠት መጋጠሚያው ነው። ከእብጠቱ በታች የሚያቆጠቁጠው የሥሩ እንጂ የመረጡት ዝርያ ስላልሆነ፣ ሳይውል ሳያድር ከመነሻው ይነቀል፤ ካልሆነ ዋናውን ተክል ይውጠዋል።

ከሆለታ፣ ከሰበታና ከዝዋይ የአበባ እርሻዎች የሚወጡት ጽጌረዳዎች ውበታቸው የሚያጓጓ ነው። ነገር ግን እነዚህ በላስቲክ ቤት የሚያድጉ፣ ረጅም ዘንግ እንዲኖራቸውና ተቆርጠው ብዙ ቀን እንዲቆዩ የተመረጡ ናቸው። አብዛኞቹ መዓዛቸው ደካማ ነው፤ ደጅ ላይ ዝናብ ሲያገኛቸውም ይጎሳቆላሉ።

የራሳችንን ጽጌረዳም አንርሳ። ቀጋ በደጋችን ያለ ማንም ርዳታ የሚበቅል የጽጌረዳ ዝርያ ነው፤ አምስት ቅጠል ያለው ነጭ አበባው ያውዳል፣ ሲቀላ የሚበላ ፍሬ ይሰጣል፣ እሾኹም አጥር ይሆናል።

ለጀማሪ ምክሬ አጭር ነው፦ በአንድ «ኩዊን ኤልዛቤት» ይጀምሩ፣ ለመዓዛ «ሚስተር ሊንከን»ን ይጨምሩ፣ የአጥር ቦታ ካለዎት ቀጋ ይትከሉ። ችግኝ ሲገዙም አበባ የያዘውን መርጠው፣ አሽትተውና ታችኛውን ቅጠል አይተው ይግዙ።