ባለ ጥለት የእጅ ካልሲ ለቆላ ሰው

ጎብዬ ውስጥ ካልሲ በእጅ የሚሠራ ባለሙያ ቢፈልጉ ላያገኙ ይችላሉ፤ ቢጠፋም አይገርምም። ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለችው ይህች ከተማ የማሽላና የጤፍ አገር በሆነው በራያ ሜዳ ላይ ናት። በሜዳው ሙቀት እግር የሚሻው ነፋስ ነው። ባለ ነጠላ ጫማ ገበሬ ካልሲ አድርጎ ማሳ ቢወርድ መንደሩ ስም ያወጣለታል። ሆኖም በብዙ አገር የሕዝብ ጥበብ የሆነው ባለ ጥለት ካልሲ እንዴት እንደሚሠራ ለማስረዳት የሸማ አገር ሰው ይመቻል። ግማሹን ያውቀዋልና።

ሸማ ድርና ማግ ይፈልጋል። ድሩ ይወጠራል፤ ማጉ በመወርወሪያ ውስጥ ሆኖ ከዳር ዳር ይመላለሳል። ጥለቱን የሚያወጣው ሸማኔ ድሩን እየቆጠረ ያነሣል፣ ከዋናው ማግ በተጨማሪ ባለ ቀለም ክር በመካከሉ ያስገባል፣ ይመታል፣ እንደገና ይቆጥራል። አንድ ድር ቢሳሳት መስቀሉ ይጣመማል። ሹራብ ግን በአንድ ክር ብቻ ይሠራል። ክሩ ቀለበት ይሆናል፣ በቀለበቱ ውስጥ ሌላ ቀለበት ይሳባል፣ በዚያም ሌላ። ቀለበት ስለሆነ ይለጠጣል። ነጠላ ተረከዝን አቅፎ አይይዝም፤ ቢጎትቱት ይተረተራል እንጂ አይለጠጥም። ካልሲ ከሸማ ሳይሆን ከሹራብ የሚወለደው ለዚህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ጫፋቸው የሾለ አምስት አጫጭር የሹራብ መርፌዎች ይያዛሉ። አራቱ ቀለበቶቹን ተሸክመው አራት ማዕዘን ይሠራሉ፣ አምስተኛው ይሠራል። ሥራው ዙሪያውን ስለሚሄድ ስፌት የለውም። 64 ቀለበት ቢኖር በየመርፌው 16 ይደርሳል። ስምንት ቀለበት የሚወስድ ጥለት ዙሪያውን በትክክል ስምንት ጊዜ ይገባል፤ አሥር የሚወስድ ጥለት ግን አራት ቀለበት ይተርፈዋል፤ ከኋላ በኩልም አበባው ለሁለት ተቆርጦ ይቀራል። እዚህ ላይ የካልሲ ሠሪዋና የጥለት ሸማኔው ጭንቀት አንድ ነው፦ ቆጠራ።

ቀለሙ ሁለት ከሆነ በየዙሩ ሁለቱም ክሮች አብረው ይሄዳሉ። ተራው ያልደረሰው ክር በውስጥ በኩል ላላ ብሎ ይሻገራል። ከጠበቀ ካልሲው ተረከዝን አያልፍም፤ በጣም ከረዘመ ደግሞ ጣት ይይዘዋል። ስለዚህ ሠሪዎቹ አንድን ቀለም ከአራት ወይም ከአምስት ቀለበት በላይ ሳይቀያይሩ አይሄዱም። ጥለቱ ደቃቅና ተደጋጋሚ የሆነው ለውበት ብቻ አይደለም። ከባዱ ቦታ ተረከዙ ነው፤ ዙሩ ይቆምና ግማሹ ቀለበት ብቻ ወዲያና ወዲህ እየተሠራ ኪስ ይወጣለታል።

ይህ ጥበብ የበረዶ አገር ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ለንደን በሚገኘው ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከግብፅ ኦክሲሪንኩስ የተገኘ ቀይ የሱፍ ካልሲ አለ፤ ዕድሜው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ3ኛው እስከ 5ኛው መቶ ዘመን ይገመታል። በአንድ መርፌ የተሠራ፣ ነጠላ ጫማ እንዲመች አውራ ጣቱ የተለየ ነው። ማሳ የወረደው ገበሬያችን ይስማ! ከዚያ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ ከ11ኛው መቶ ዘመን ወዲህ፣ በዚያው በግብፅ ሰማያዊና ነጭ ባለ ጥለት ካልሲ ተሠርቷል። ክሩም ጥጥ ነበር። ሙቅ አገር፣ ጥጥ፣ ጥለት፦ ለራያ ሰው ከኖርዌይ ይልቅ ይህ ይቀርባል።

የኖርዌይም ነገር ግን የሚነገር ነው። ሴልቡ በምትባል ገጠር በ1857 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ማሪት ኤምስታድ የተባለች ወጣት ስምንት ቅጠል ያለው ጽጌረዳ ያለበት የሹራብ ጓንት በሁለት ቀለም ሠራች፤ ጥለቱ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ተዛመተ፣ ኋላም ለመንደሩ ሴቶች የገቢ ምንጭ ሆነ። ዛሬም በመንደሩ ስም ይጠራል።

በእኛ ዘንድ ካልሲ የሕዝብ ጥበብ ያልሆነው በሙቀቱ ብቻ አይመስለኝም። ደጋው ብርድ ነው፤ መንዝ የበግ ጠጉር አለው፤ ግን ጠጉሩ ወደ ባናና ወደ በርኖስ ሄደ፣ ጥጡም ወደ ጋቢና ወደ ኩታ። ክራችን ሁሉ ወደ ሸማኔው ጉድጓድ ይወርዳል። ቀለበት እየሳቡ መሥራት ኋላ ገብቶ በዳንቴል በኩል ቤታችንን ወረሰ፤ ሶፋና ቴሌቪዥን የሚያለብሱ ሴቶች በኪሮሽ የሚያወጡት አበባ ከሴልቡ ጽጌረዳ አያንስም። ለአራስ ሕፃን ኮፍያና ካልሲ የሚሠሩም አሉ፤ ግን ብዙውን ጊዜ ከገበያ በተገዛ ሰው ሠራሽ ክር ነው።

ከእጅ ፈትል ጥጥ ይሠራ ይሆን? ይሠራል፤ ችግሩ ክሩ ነው። ጥጡ ተዳምጦ፣ በደጋን ተነድፎ፣ ባዘቶ ሆኖ በእንዝርት የሚፈተለው ማግ ለስላሳና ልል ነው፤ ሸማኔዎችም ለድር ብዙ ጊዜ የፋብሪካ ክር የሚገዙት ስለዚህ ነው። ያንን ማግ ለብቻው ካልሲ ብናደርገው ተረከዙ ቶሎ ይበሳል። ሁለት ወይም ሦስት ክር፣ ከተፈተለበት አቅጣጫ በተቃራኒ፣ አንድ ላይ መገመድ አለበት። ሌላው የጥጥ ጠባይ እንደ ሱፍ ተለጥጦ አለመመለሱ ነው፤ አፉ በሸንተረር ካልተሠራ ካልሲው ቁርጭምጭሚት ላይ ይንሸራተታል።

እኔን ቢጠይቁኝ የራያ ሴት የሴልቡን ጽጌረዳ መቅዳት የለባትም፤ የቀሚስ ጥለት ላይ ያለው መስቀልና ድንክዬ ማዕዘን በ64 ቀለበት ላይ በደንብ ይገባል። ሊሞክር የሚፈልግ ሰው ተረከዝ በሌለው ቀጥ ያለ ካልሲ ይጀምር፤ ለሕፃን እግር ይበቃል። ቀለሙን ከነጩ ጋር ከመሥራቱ በፊት ደግሞ ባለ ቀለሙን ክር በሙቅ ውኃ አጥቦ በነጭ ጨርቅ ላይ ያድርቅ፤ የሚለቅ ቀለም ከሆነ እዚያው ይታወቃል።