የኤሌክትሪክ መኪና ሲሸጥ ባትሪውን ማን ይመዝነው?

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከእንግዲህ ወደ አገር አይገቡም ሲል፣ ነጋዴው በመጀመሪያ ያሰላው ዶላሩን ነበር። ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜም ለነዳጅ መግዣ የሚሆን የውጭ ምንዛሪ ማጠሩን አልሸሸጉም። መንገዱ ግን ቀደም ብሎ ተጠርጓል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ተደርጎ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባው 15 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ተተወለት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ፤ አስመጪውም በቀረጥ ያተረፈውን በምንዛሪ መልሶ ከፈለ።

እዚህ ድረስ የአስመጪው ሒሳብ ነው። የገዢው ሒሳብ የሚጀምረው መኪናውን መልሶ ለመሸጥ ሲያስብ ነው።

ለአዲስ አበባ ነዋሪ መኪና የቁጠባ ደብተር ነው። ብሩ ሲረክስ ቪትዝና ኮሮላ ዋጋቸውን ይዘው ስለሚቆዩ፣ ለዓመታት ነድቶ ከገዛበት በላይ የሸጠ ብዙ ነው። ደላላውም ዕቃውን ያውቀዋል። ኮፈኑን ከፍቶ ሞተሩን ያዳምጣል፤ የጭሱን ቀለም ያያል፤ ሊብሬውን ያገላብጥና ዋጋ ይጠራል። የኤሌክትሪኩ መኪና ግን አይጮህም፣ አያጨስም። ከዋጋው ትልቁን ድርሻ የያዘው ባትሪ ከወለሉ ሥር ታሽጎ ተቀምጧል። በአንድ ዓመት የተመረቱና እኩል ኪሎ ሜትር የሄዱ ሁለት መኪኖች ይኑሩ። አንደኛው ማታ ማታ በባለቤቱ ግቢ በዝግታ ሲሞላ፣ ሌላው ለታክሲ ሥራ በፈጣን ቻርጀር እየተሞላ በየቀኑ እስከ ጠብታው ሲራገፍ የኖረ ከሆነ፣ የቀራቸው የባትሪ አቅም ሊራራቅ ይችላል። ለዓይን ግን መንትዮች ናቸው።

የዋስትናውም ነገር አለ። ከገቡት መካከል ለቻይና ገበያ የተሠራው ቮልስዋገን አይዲ 6 ይገኝበታል። አምራቹ እዚያ ለባትሪው የሚሰጠው ዋስትና በግል አስመጪ እጅ አዲስ አበባ ለደረሰ መኪና ይሠራል ብሎ መተማመን የዋህነት ነው። መኪና በመያዣነት የሚቀበል አበዳሪም ከአምስት ዓመት በኋላ እጄ ላይ ምን ይቀራል ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መንግሥት ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች ብዙ ይናገራል፤ ይገባልም። የሁለተኛ እጅ ገበያው የሚፈልገው ግን ከጣቢያ ይልቅ ርካሽ ነው። መኪና ሁሉ ቦሎ ለማግኘት በየዓመቱ ይመረመራል። ፍሬንና መብራት የሚያየው መርማሪ የባትሪውን ቀሪ አቅም ከመኪናው ኮምፒዩተር አንብቦ ወረቀቱ ላይ ቢያሰፍር፣ ሻጭ፣ ደላላና ባንክ የሚነጋገሩበት አንድ ቁጥር ይገኛል።

እስከዚያው ሁለተኛ እጅ የሚገዛ ሰው ባትሪውን 100 በመቶ አስሞልቶ አዳማ ደርሶ ይመለስ። መሄዱ ብቻውን አይበቃም፤ አዳማ ከአዲስ አበባ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለምትል ቁልቁለቱ ለሻጩ ያደላል። ስንት በመቶ እንደቀረ መታየት ያለበት ዳገቱን ወጥቶ አቃቂ ሲደረስ ነው።