የመጸው ባሕር፦ ቫሌንሲያን በኦክቶበር መጎብኘት



የዛሬው ንግግሬ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ያለችን አንዲት ከተማ በመጸው ስለ መጎብኘት ነው። ከተማዋ በምሥራቅ ስፔን የምትገኘው ቫሌንሲያ ናት። አስቀድሜ ግን ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በእኛ አቆጣጠር መጸው ከመስከረም 26 የሚጀምር፣ ዝናቡ አባርቶ ምድር በአበባ የምታጌጥበት ወቅት ነው። (አንዳንድ ተርጓሚዎች «በልግ» ሲሉት ነገሩ ይበልጥ ይደበላለቃል።) በሜዲትራኒያን ዳርቻ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ ደረቁ በጋ አብቅቶ ዝናቡ የሚጀምረው ያን ጊዜ ነው። ቃሉን ብቻ ይዞ የሚሄድ መንገደኛችን የሌለ ሰማይ ይጠብቃል። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ቀናት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጸው ጉብኝት የሚወደድበት ምክንያት ግልጽ ነው። በኦክቶበር መጀመሪያ ማልቫሮሳ በተባለው የባሕር ዳርቻ ሰዉ ሳስቶ፣ ፀሐዩም በርዶ፣ ውኃው ግን ገና ለዋናተኛ የሚመች ሆኖ ይገኛል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ባሕሩ ለምን አብሮ አይቀዘቅዝም? አንድ ሜትር ኩብ ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ሙቀት፣ ለአንድ ሜትር ኩብ አየር ከሚያስፈልገው ከ3,000 ጊዜ በላይ ይበልጣል። ባሕሩ በጋውን ሙሉ ያጠራቀመውን ሙቀት ቀስ እያለ የሚመልሰው በመጸው ነው።

ዋናተኛውን የሚያስደስተው ሙቀትና ጎርፉን የሚመግበው ሙቀት ግን አንድ ናቸው። አየር በአንድ ዲግሪ በሞቀ ቁጥር እንፋሎት የመያዝ አቅሙ 7 በመቶ ያህል ይጨምራል። በመጸው ከሰሜን የመጣ ቀዝቃዛ አየር በከፍታ ላይ ከዋናው የነፋስ ጅረት ተቆርጦ በስፔን ሰማይ ላይ ሲቆም፣ ከሥሩ ያለው እርጥብ የባሕር አየር በምሥራቅ ነፋስ ተገፍቶ ከከተማዋ ጀርባ ካሉት ተራሮች ጋር ይጋጫል፤ ወደ ላይ ተነሥቶም ዝናብ ሆኖ ይወርዳል። የአገሬው ሰው ይህን «ጎታ ፍሪያ»፣ ማለትም «ቀዝቃዛ ጠብታ» ይለዋል።

ኦክቶበር 14 ቀን 1957 የቱሪያ ወንዝ ከተማዋን አጥለቅልቆ ቢያንስ 81 ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ወንዙ ከከተማዋ በስተ ደቡብ በተቆፈረ አዲስ መውረጃ እንዲሄድ ተደረገ፤ አሮጌው መውረጃም ዛሬ ጎብኚ የሚንሸራሸርበት ረጅም መናፈሻ ሆነ። ጥንታዊዎቹ ድልድዮች ውኃ በሌለበት እንደ ቆሙ ናቸው።

ኦክቶበር 29 ቀን 2024 አዲሱ መውረጃ መሐል ከተማዋን ጠበቀ። ከመውረጃው ባሻገር በስተ ደቡብ ያሉትን መንደሮች ግን የሚጠብቃቸው አልነበረም። በቱሪስ በ24 ሰዓት ከ770 ሚሊ ሜትር በላይ ዘነበ፤ ይህም አዲስ አበባ በዓመት ከምታገኘው ዝናብ ከግማሽ በላይ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ የሆነው የፖዮ ሸለቆ ሞልቶ ፓይፖርታን አጥለቀለቃት፤ በፓይፖርታ ራሷ ግን እምብዛም አልዘነበም ነበር። በቫሌንሲያ አውራጃ ከ220 በላይ ሰዎች ሞቱ።

የሚያሳዝነው ትንበያው አለመጥፋቱ ነው። የአገሪቱ የአየር ሁኔታ መሥሪያ ቤት ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው በማለዳ ነበር፤ የቫሌንሲያ ዩኒቨርሲቲም ትምህርት የዘጋው ከዋዜማው ጀምሮ ነው። ወደ ነዋሪው ስልክ የተላከው ማስጠንቀቂያ ግን የደረሰው ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ላይ፣ ፓይፖርታ በውኃ ከተዋጠች በኋላ ነው። በእኔ እምነት ይህ ክፍተት የአየር ንብረት ጥያቄ ሳይሆን የአስተዳደር ጥያቄ ነው።

ለመሄድ ላሰባችሁ፣ ከሴፕቴምበር መጨረሻ እስከ ኦክቶበር ያለው ጊዜ ዛሬም መልካም ነው። ሆኖም ከራሳችሁ በላይ ያለውን ሰማይ አይታችሁ አትፍረዱ፤ ጎርፉ ከሩቅ ተራራ ሊመጣ ይችላልና። ማስጠንቀቂያው ቀይ ከሆነ ወደ ደረቅ ሸለቆ፣ በተለይም መኪና ወደሚቆምበት ምድር ቤት አትውረዱ፤ ብዙዎች የሞቱት እዚያ ነው።

ከጎርፉ በኋላ በነበሩት ቀናት በሺዎች የሚቆጠሩ የከተማዋ ነዋሪዎች አካፋና መጥረጊያ ይዘው፣ በአዲሱ መውረጃ ላይ ያለውን የእግረኞች ድልድይ እየተሻገሩ ወደ ደቡብ ሄዱ። ድልድዩ አሁን «የአጋርነት ድልድይ» ይባላል።