የኳርትዝ የወጥ ቤት ንጣፍ፦ ይዘቱ፣ ጥንካሬውና የአቧራው ጉዳት
ለወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚውለው የኳርትዝ ንጣፍ እንደ ግራናይት ከተራራ ተፈልጦ የሚወጣ ድንጋይ አይደለም። በክብደት 90 በመቶ ያህሉ የተፈጨ የኳርትዝ ማዕድን ሲሆን፣ ቀሪው በአብዛኛው ማዕድኑን የሚያያይዝ የፖሊስተር ሙጫና ማቅለሚያ ነው። ድብልቁ አየር በተወገደበት ስፍራ እየተንቀጠቀጠ ይታመቃል፤ ከዚያም በሙቀት ይጠነክራል።

በዚህ አሠራር የተነሣ ንጣፉ ፈሳሽ እምብዛም አይመጥም። እብነ በረድ ካልሲየም ካርቦኔት በመሆኑ ሎሚና ኮምጣጤ ሲበሉት፣ ኳርትዝ ግን ይቋቋማቸዋል። በአንጻሩ ግራናይት የጋለ ድስት ሲችል፣ የኳርትዙ ንጣፍ ሙጫው በሙቀት ስለሚጎዳ ቀለሙ ይለወጣል ወይም ይሰነጠቃል።

ከሁሉ የከፋው ልዩነት የሚታየው በሚቆርጠው ሠራተኛ ላይ ነው። የኳርትዝ ማዕድን ራሱ ሲሊካ ነው፤ በእብነ በረድ ውስጥ ግን ሲሊካ እጅግ ጥቂት ነው፤ በግራናይትም አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ በታች ነው። ንጣፉ በደረቁ ሲቆረጥ የሚነሣው ደቃቅ አቧራ ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ ያስከትላል። ውሃ እያፈሰሱ መቁረጥ አቧራውን ቢቀንሰውም ፈጽሞ አያስወግደውም። አውስትራሊያ ከጁላይ 1 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዚህን ንጣፍ ምርት፣ አቅርቦትና ገጠማ የከለከለችው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ የንጣፎች ንጽጽር ከዋጋና ከውበት ባሻገር የሠራተኛውን ጤና ማካተት ይኖርበታል።